የጠፉ ጣቢያዎች ጉዳይ፤ የዲሽና የሪሲቨር ንግድ በሰቆጣና በኒሯቅ

በሰቆጣ ገበያ የኤሌክትሪክ ዕቃ በሚሸጥበት መደብር ፊት፥ ደንበኛ ሪሲቨሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ሲቆም ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የሚያቀርበውም አቤቱታ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ትናንት ማታ ደኅና አድርጌ ያየሁት ጣቢያ ዛሬ ጠፋ፤ ሌላ ሪሲቨር ስጠኝ» ይላል። በዚህ ጊዜ ነጋዴው በሁለት መንገድ መካከል ይቆማል። አንደኛው፥ ደንበኛው የጠየቀውን ሰጥቶ ዋጋውን መቀበል ነው። ሁለተኛው፥ ጥፋቱ ከምን እንደመጣ መርምሮ፥ ምናልባትም በጥቂት ብር ማያያዣ ወይም ያለ አንዳች ወጪ ችግሩን ማስወገድ ነው። የመጀመሪያው መንገድ የዕለት ትርፍ አለው፤ ነገር ግን አዲሱ ሪሲቨር ከደንበኛው ቤት ደርሶ ያንኑ «ሲግናል የለም» የሚለውን ጽሑፍ ያሳየ እንደሆነ፥ የሚመለሰው ዕቃው ብቻ አይደለም፤ የነጋዴውም ስም አብሮ ይመለሳል።

ጉዳዩ የአንድ መደብር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል። ሪሲቨሩ፥ ኤልኤንቢው፥ ኬብሉና ከነዚህ ጋር የሚሄደው ጥቃቅን ዕቃ በአብዛኛው ከውጭ አገር በምንዛሪ የሚገባ ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ አስመጪው ለአንድ ካርቶን ዕቃ የሚከፍለው ብር ቀድሞ ከነበረው በእጅጉ የበለጠ ሆኗል። በዚህ ላይ ዕቃው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሰቆጣ እስኪደርስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ወደ ተከዜ ሸለቆ ባዘነበለው የአበርገሌ ወረዳ ወዳለችው ወደ ኒሯቅ ለመድረስም ሌላ መንገድና ሌላ የጭነት ዋጋ ይጨመርበታል። ስለዚህ ያለ በቂ ምክንያት የተለወጠ ሪሲቨር ሁሉ ለገዢው ኪሳራ፥ ለአገሩም የምንዛሪ ብክነት ነው።

የገዢውንም ኑሮ መመልከት ተገቢ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት ዋግ ኽምራ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ እንደነበረ ይታወቃል። ከቤቱ ተፈናቅሎ የተመለሰ ሰው ዕቃውን አንድ በአንድ እየገዛ ኑሮውን መልሶ በሚያቋቁምበት ጊዜ፥ የማያስፈልገውን ዕቃ ደግሞ እንዲገዛ ማድረግ ከንግድ ጥበብ የሚቆጠር አይደለም። ከዚህም ሌላ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን በኽምጣና ቋንቋ የሚያስተላልፈው ዝግጅት በመኖሩ፥ በአንድ ቤት የጣቢያ መጥፋት ማለት ለእናትና ለአባት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚሰማው ወሬ ተቋረጠ ማለት ሊሆን ይችላል።

ዲጂታል ምስል የሚጠፋበት ጠባይ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምርና ከዚያም በኋላ በነበሩት ብዙ ዓመታት፥ ሥርጭቱ አናሎግ በሚባለው ዘዴ የሚካሄድ ነበር። በዚያ ዘዴ ሲግናል ሲደክም ምስሉ ቀስ በቀስ በረዶ እንደወረደበት ሜዳ ይነጣል፤ ድምፁም ይሻክራል፤ ነገር ግን ተመልካቹ ሙሉ በሙሉ አያጣውም። አንቴናውን ጥቂት ዘወር በማድረግም ምስሉ እየጠራ መሄዱን በዓይኑ ያያል።

የዲጂታል ሥርጭት ጠባይ ከዚህ የተለየ ነው። ሪሲቨሩ የሚቀበለው የቁጥር መልእክት ስለሆነ፥ መልእክቱ በበቂ መጠን እስከደረሰ ድረስ ምስሉ ፍጹም ጥሩ ነው፤ መጠኑ ከሚፈለገው ወሰን ጥቂት ዝቅ ሲል ምስሉ በአራት ማዕዘን ይቆራረጣል፤ ከዚያም ጥቂት ሲወርድ ጨርሶ ይጠፋል። በመሆኑም ትናንት ጥሩ ሆኖ የታየ ጣቢያ ትናንትም ቢሆን በገደል አፋፍ ላይ ቆሞ እንደነበረ ባለቤቱ አያውቅም። አንድ ሌሊት የነፈሰ ነፋስ ወይም በኬብሉ ጫፍ የገባ አንድ ጠብታ ውኃ ወደ ገደሉ ይጥለዋል። ደንበኛው «በአንድ ሌሊት ተበላሸ» የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ እውነቱ ግን ድካሙ ከብዙ ቀናት በፊት ጀምሮ የነበረ መሆኑ ነው።

የ2012 ዓ.ም. መዛወርና ያስተማረው ትምህርት

በአገራችን ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ በብዛት የጠፉበት ጊዜ 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አብዛኞቹ የኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሕዝቡ ናይልሳት ብሎ በሚጠራው፥ በ7 ዲግሪ ምዕራብ በሚገኘው ሥፍራ ይታዩ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስ ኢ ኤስ ከተባለው የሉክሰምበርግ የሳተላይት ኩባንያ ጋር በመስማማት ኢትዮ ሳት የተባለውን የጋራ መድረክ አቋቋመ፤ ጣቢያዎቹም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወደነበረችው ኤን ኤስ ኤስ-12 ወደ ተባለችው ሳተላይት ተዛወሩ። በዚያን ጊዜ ዲሻቸውን ያላዞሩ ቤቶች ሁሉ የአገራቸውን ጣቢያዎች አጡ። ብዙዎችም ሪሲቨራቸው የተበላሸ መስሏቸው አዲስ ገዙ፤ የጎደለው ግን ዲሹን ማዞር፥ ወይም የቀድሞውንም ማየት ለሚፈልግ ሁለተኛ ዲሽ መትከል ነበር።

ሁለቱ ሥፍራዎች ምን ያህል የተራራቁ እንደሆኑ ከሰቆጣ ሆኖ ማስላት ይቻላል። ሰቆጣ በ39 ዲግሪ ምሥራቅና በ12 ዲግሪ ተኩል ሰሜን ገደማ ስለምትገኝ፥ የ57 ዲግሪ ምሥራቅ ሳተላይት የሚገኘው በደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ፥ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ሲቆጠር በ124 ዲግሪ ገደማ፥ ከአድማስ በላይም 64 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። የ7 ዲግሪ ምዕራቡ ግን ከምዕራብ ጥቂት ወደ ደቡብ ዘወር ብሎ በ258 ዲግሪ ገደማ፥ ከአድማስ 36 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይገኛል። የኒሯቅም ስሌት ከዚህ ብዙ አይለይም። እንግዲህ አንዱ ወደ ፀሐይ መውጫ ከፍ ብሎ፥ ሌላው ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ዝቅ ብሎ ስለሆነ፥ በአንድ ተራ ዲሽ ሁለቱን ለመያዝ መድከም ከንቱ ነው። ወደ ምዕራብ የሚመለከተው ዲሽ ዝቅ ብሎ ስለሚያይ የጎረቤት ግንብ፥ ያደገ ባሕር ዛፍ ወይም የተራራ ጥግ ይከልለዋል፤ ወደ ምሥራቅ የሚመለከተው ግን ከፍ ብሎ ስለሚያይ በቀላሉ አይከለልም።

በምርመራ ጊዜ የሚጠበቅ ቅደም ተከተል

ልምድ ያለው የዲሽ ባለሙያ መሰላል ከማቆሙ በፊት ይጠይቃል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «የጠፋው ሁሉም ጣቢያ ነው ወይስ ከፊሉ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «የጎረቤትም ጠፍቷል ወይ?» የሚል ነው። የጎረቤትም ከጠፋ ጥፋቱ ከቤቱ ውጭ ስለሆነ ዕቃ መለወጥ አይጠቅምም።

ከዚህ ቀጥሎ በሪሲቨሩ ላይ የሚታዩትን ሁለት መስመሮች ማንበብ ነው። አንደኛው የሲግናሉን ብርታት፥ ሁለተኛው ጥራቱን ያሳያል። ብዙ ሰው በብርታቱ ይታለላል። ኤልኤንቢው ኤሌክትሪክ ካገኘ ዲሹ ባዶ ሰማይ እያየም ቢሆን ብርታት የሚለው መስመር ከፍ ሊል ይችላል፤ ምስልን የሚያመጣው ግን ጥራት ነው።

አንደኛ፤ ሁለቱም መስመሮች ባዶ ከሆኑና ጣቢያዎቹ ሁሉ ከጠፉ፥ ጥፋቱ በኬብሉ፥ በጫፍ ማያያዣው፥ በኤልኤንቢው ወይም ሪሲቨሩ ወደ ላይ በሚልከው ኤሌክትሪክ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ምክንያት የኬብሉ ቀጭን የሽቦ መረብ ከመካከለኛው ሽቦ ጋር መነካካቱ ወይም ማያያዣው መዛጉ ነው። ጫፉን ቆርጦ እንደገና ማሰር በቂ ሊሆን ይችላል። ይህን ሥራ ሲሠሩ ሪሲቨሩን ከኤሌክትሪክ መንቀል እንዳይዘነጋ።

ሁለተኛ፤ ብርታቱ እያለ ጥራቱ ባዶ ከሆነ፥ ዲሹ ከሥፍራው ዘወር ብሏል፤ ወይም በሪሲቨሩ ውስጥ የተመረጠው የሳተላይት ስም ከዲሹ አቅጣጫ ጋር አይስማማም፤ ወይም ሁለት ዲሽ ባለበት ቤት በመካከል ያለው ስዊች ቁጥሮቹ ተቀያይረዋል። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36000 ኪሎ ሜትር ርቆ ስለሚገኝ፥ ዲሹ በ1 ዲግሪ ቢዞር በዚያ ርቀት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይስታል። ስለዚህ ዲሽ የሚታሰርበት ምሶሶ ጉዳይ ቀላል አይደለም። በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ የታሰረ ዲሽ እንጨቱ ሲደርቅና ሲጣመም አብሮ ይዞራል፤ በሲሚንቶ የተተከለ ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ ግን ለዓመታት ይጸናል። በቆርቆሮ ጣሪያና በብረት አጠገብ ኮምፓስ ስለሚሳሳት፥ አቅጣጫው ከጣሪያው ራቅ ብሎ በመሬት ላይ መለካት ይኖርበታል። ኤልኤንቢው ከመሐል ዝቅ ብሎ የሚቆምበት ተራ ዲሽ ደግሞ ፊቱ ከሚያየው ሥፍራ ይልቅ ቀና ብሎ የቆመ ይመስላል፤ ይህን ያላወቀ ሰው የዲሹን ፊት ቀጥታ ወደ ሳተላይቱ ሲያነጣጥር ቀኑን ሙሉ ይደክማል።

ሦስተኛ፤ ከጣቢያዎቹ ከፊሉ ጠፍቶ ከፊሉ ጥሩ ሆኖ ከታየ፥ ዲሹን መነካካት ስሕተት ነው። ሳተላይት መልእክቱን በቁምና በአግድም ከፍሎ ይልካል። ሪሲቨሩ የቁሙን ለመቀበል 13 ቮልት፥ የአግድሙን ለመቀበል 18 ቮልት ወደ ኤልኤንቢው ይሰድዳል። 18 ቮልቱ በመንገድ ደክሞ ከደረሰ የአግድሞቹ ጣቢያዎች በሙሉ ይጠፋሉ፤ የቁሞቹ ግን ይታያሉ። እንደዚሁም የላይኛውን የፍሪኩዌንሲ ክፍል ለመክፈት ሪሲቨሩ የ22 ኪሎ ሄርዝ ትእዛዝ ይልካል፤ ስዊቹ ወይም ኤልኤንቢው ይህን ካልሰማ ከ11700 በላይ ያሉት ጣቢያዎች ይጠፋሉ። የጠፉትን ጣቢያዎች በወረቀት ጽፎ ሁሉም የአንድ ወገን መሆን አለመሆናቸውን ማየት ጥፋቱን ያለ መሣሪያ ያስታውቃል። በዚህም ረገድ ሰቆጣ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች መልእክቱ ዘንበል ብሎ እንደሚደርስ ማስታወስ ይገባል፤ ኤልኤንቢው በመያዣው ውስጥ ሳይዞር ቀጥ ብሎ ከታሰረ ቁሙና አግድሙ ይደባለቃሉ። ጥራት የሚለው መስመር ከፍተኛውን እስኪያሳይ ድረስ ቀስ አድርጎ ማዞር ያስፈልጋል።

አራተኛ፤ የጠፋው አንድ ወይም ሁለት ጣቢያ ብቻ ከሆነ ጣቢያው ፍሪኩዌንሲውን ለውጦ ይሆናል። ያን ጊዜ መድኃኒቱ አዲሱን ቁጥር አስገብቶ እንደገና መፈለግ ነው። ጣቢያው በዲቪቢ-ኤስ2 እና በኤምፔግ-4 መላክ ጀምሮ ከሆነም ይህን ዘዴ የማያውቅ አሮጌ ሪሲቨር ወይ ጣቢያውን አያገኘውም፥ ወይ ድምፁን ብቻ አሰምቶ ምስሉን ያስቀራል። አዲስ ሪሲቨር መሸጥ በእውነት የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው።

አምስተኛ፤ ምስሉ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ፥ ከባድ ዝናብ የሳተላይትን ሞገድ እንደሚያደክም የታወቀ ስለሆነ በዶፍ ጊዜ መታገሥ ነው። በካፊያ የሚጠፋ ከሆነ ግን ዲሹ በትክክል አልተስተካከለም፤ ወይም ለሥፍራው አንሷል።

ስድስተኛ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በመጋቢት መጀመሪያ ሳምንትና በመስቀል በዓል ሰሞን፥ ፀሐይ በሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች። በዚያን ጊዜ ለጥቂት ቀናት፥ ለ57 ዲግሪ ምሥራቅ ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ፥ ምስሉ ለጥቂት ደቂቃ ይቋረጣል። ፀሐይ ስታልፍ ራሱ ይመለሳል፤ ይህን የሚያውቅ ነጋዴ ደንበኛውን በሳቅ ይሸኘዋል።

አስመጪው ሊያስብባቸው የሚገቡ ነገሮች

ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሽ መስሎ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ኬብል ነው። በገበያ የሚገኘው ኬብል መካከለኛ ሽቦው ንጹሕ መዳብ፥ ወይም በመዳብ የተቀባ ብረት ነው። የቴሌቪዥኑ ሞገድ በሽቦው ገላ ላይ ብቻ ስለሚሄድ በመዳብ የተቀባውም ሞገዱን ያሳልፋል፤ ወደ ኤልኤንቢው የሚወጣው ኤሌክትሪክ ግን በሽቦው ሙሉ አካል ስለሚሄድ በብረቱ ውስጥ ይደክማል። በአጭር ርቀት ይህ ጉድለት አይታይም፤ ዲሹ ከቤቱ ርቆ በግቢው ዳር በተተከለ ጊዜ ግን 18 ቮልቱ ሳይደርስ ይቀርና የአግድሞቹ ጣቢያዎች ይጠፋሉ። ልዩነቱን ለማወቅ ማግኔት በቂ ነው፤ ብረት ያለበትን ሽቦ ይስበዋል፥ ንጹሕ መዳብን ግን አይስብም። በየመደብሩ አንዲት ትንሽ ማግኔት ማስቀመጥ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

በተለይም በፀሐይ ኃይልና በባትሪ ለሚጠቀሙ ቤቶች ይህ ጉዳይ ይበልጥ የከበደ ነው። ባትሪው ሲደክም ሪሲቨሩ ሳይጠፋ ወደ ላይ የሚልከው ቮልት ብቻ ሊያንስ ስለሚችል፥ ማታ ማታ ከፊሉ ጣቢያ እየጠፋ ቀን ቀን ይመለሳል። እንዲህ ያለ አቤቱታ የሰማ ነጋዴ ስለ ሪሲቨሩ ከመናገሩ በፊት ስለ ባትሪው መጠየቅ አለበት። እንደ ኒሯቅ ባለው ቆላ ደግሞ የፀሐይ ትኩሳት የኬብሉን ልባስ ስለሚሰነጥቀው፥ በክረምት ውኃ ይገባበታል። ለውጭ እንዲሆን የተሠራውን ጥቁር ልባስ ያለውን መምረጥ፥ ኬብሉንም ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች አጉብጦ ውኃው ከጉብታው እንዲንጠባጠብ ማድረግ ይጠቅማል።

ዲሹም በመኪና ላይ ተደራርቦ ሩቅ መንገድ ሲመጣ ይጣመማል፤ የተጣመመ ዲሽ ደግሞ በማንም ባለሙያ አይስተካከልም። ከመሸጡ በፊት ሁለት ክር በመስቀል ቅርጽ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ወጥሮ ማየት ጥሩ ፈተና ነው። ክሮቹ በመካከል ሳይለያዩና ሳይጫጫኑ ከተነካኩ ጠርዙ ደኅና ነው።

ሪሲቨር የሚያስመጣም ሰው በካርቶኑ ላይ ዲቪቢ-ኤስ2ንና ኤምፔግ-4ን የሚገልጽ ጽሑፍ መኖሩን ከማዘዙ በፊት ሊያረጋግጥ ይገባዋል። ከዚህ ጋር ሊደባለቅ የማይገባው የምድር ዲጂታል ሥርጭት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በጄኔቫ በተደረገው ስምምነት መሠረት ብዙ አገሮች ከአናሎግ ወደ ዲጂታል የምድር ሥርጭት ለመሻገር 2015ን የጊዜ ወሰን አድርገው ነበር፤ ኢትዮጵያም ለዚህ ዲቪቢ-ቲ2 የተባለውን ዘዴ መርጣለች። የሳተላይት ሪሲቨር የምድሩን፥ የምድሩም የሳተላይቱን አይቀበልም። ሁለቱን በስማቸው ለይቶ የማይነግር ሻጭ ገዢውን ያሳስታል።

ለመደብሩ የሚጠቅም አሠራር

በአንዲት ከተማ የሚገኝ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር እምነት ሊያተርፍ የሚችለው በጣሪያው ላይ በትክክል የተስተካከለ የራሱ ዲሽ ሲኖረው ነው። ደንበኛው ያመጣው ሪሲቨር በዚያ ዲሽ ላይ ታስሮ ጣቢያዎቹን ካሳየ ሪሲቨሩ ደኅና ነው፤ ጥፋቱ በቤቱ ነው። ካላሳየ ደንበኛው በዓይኑ አይቶ አዲስ ይገዛል፤ ኋላም «አታለሉኝ» አይልም። ከዚህ ጋር የጣቢያዎችን የፍሪኩዌንሲ ለውጥ ከነቀኑ በደብተር መዝግቦ መያዝ፥ ለጠየቀም ሰው በወረቀት ጽፎ መስጠት አንዳች የማያስወጣ የደንበኛ መሳቢያ ነው።

የምርመራ ዋጋ ከዕቃ ዋጋ ተለይቶ አስቀድሞ ሊነገር ይገባል። መርምሮ ዕቃ ሳይሸጥ የተመለሰ ባለሙያ የድካሙን ዋጋ የማያገኝ ከሆነ፥ የማያስፈልግ ዕቃ ለመሸጥ መገፋቱ አይቀርም። ደንበኛውም ለምርመራ ጥቂት ከፍሎ ሪሲቨሩን ማዳኑን ሲያውቅ አያጉረመርምም። ደረሰኝና የዋስትና ጽሑፍ መስጠትም እንዲሁ ሁለቱንም ወገን ከጭቅጭቅ ያድናል።

ሰቆጣ በቀድሞ ዘመን የአሞሌ ጨው ንግድ የሚተላለፍባት ገበያ እንደነበረች የታወቀ ነው። የዚያን ጊዜ ነጋዴ ለአሞሌው ሙሉነት ይጠነቀቅ ነበር፤ የተሸረፈ አሞሌ እንደ ሙሉው አይታሰብምና። የዛሬውም የሪሲቨርና የዲሽ ነጋዴ ሚዛኑ ይኸው ነው። ሪሲቨሩን ይዞ የመጣው ደንበኛ ያንኑ ሪሲቨር ተሸክሞ ወደ ቤቱ ተመልሶ፥ አንድ ማያያዣ ብቻ ለውጦ ማታ ጣቢያውን ቢያይ፥ ነጋዴው በዚያ ቀን የአንድ ሪሲቨር ትርፍ አጥቷል፤ ነገር ግን ያ ደንበኛ ቴሌቪዥን፥ ማቀዝቀዣ ወይም የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ሊገዛ በተነሣ ጊዜ የማንን በር እንደሚያንኳኳ የተረጋገጠ ነው።